የሁለት ቢላ ድግስ



መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። ሙስሊሙ ወሩን ጾሞ ሚያዝያ 2 ቀን ዒድ አልፈጥርን አከበረ። ክርስቲያኑ ግን ገና በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። የዒዱ ቀን ደግሞ ረቡዕ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በዚያን ዕለት በመካነ ሰላም አንድ ሙስሊም አባወራ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ምን አበላው?

መልሱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሽሮ አበላው። ቅቤ ያልነካው፣ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ምናልባት ጎመን። እንግዳው ቅዳሴ ሳይወጣ የማይቀምስ ከሆነም ማዕዱ ተከድኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየው። ሥጋ በሞላበት ቤት፣ ሥጋ በሚሸትበት ቀን፣ ለአንድ እንግዳ ተብሎ በንጹሕ ድስት ለብቻው ሽሮ መሥራት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን የወሎ የበዓል ጉርብትና የቆመው በዚህች ድስት ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ዛሬ የምናገረውም ይህንኑ ነው።

ስለ ወሎ ሲወራ ፍቅር ይባላል፣ መቻቻል ይባላል፣ አብሮ መኖር ይባላል። ቃላቱ ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ከመድረክ አብዝቶ ሲሰማቸው የኖረ ሰው፣ የወሎ ሰው በበዓል ቀን ሃይማኖቱን ደጅ አስቀምጦ የሚገባ ሊመስለው ይችላል። መጥቶ አንድ ቀን ቢውል ይገረማል። ማን በማን እጅ የታረደ እንደሚበላ፣ የትኛው ድስት ለማን እንደ ሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚጾምና በስንት ሰዓት እንደሚፈታ እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ አገር ብዙ የለም። የጎረቤትህን ጾም ካላወቅህ ልትጋብዘው አትችልም። ብትጋብዘው ታሳፍረዋለህ፤ ራስህም ታፍራለህ።

አገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስቀምጠው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ፣ በካቤና በጊምባ አድርጎ፣ አቀስታን አልፎ፣ የለጋምቦን ብርድ ተሻግሮ ነው የሚደረሰው። ወደ ምዕራብ መሬቱ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ የጎጃሙ መርጡለ ማርያም ነው። ከፍ ያለው ደጋ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የበግ አገር ሲሆን፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ደንቆሮ ጫካም ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ይዞ እዚሁ አለ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል፤ ከመቶው ሰባ ያህሉ ሙስሊም፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ወደ ቦረና፣ ወደ ሳይንትና ወደ ወግዲ ሲዘለቅ መጠኑ ከቀበሌ ቀበሌ ይለዋወጣል። አንዱ መንደር ላይ መስጊዱ ቀድሞ ይታያል፣ ሌላው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ብዙ ቦታ ግን ሁለቱም ከአንድ ጉብታ ላይ ሆነው ይታያሉ።

በዓልም እዚህ ደጋ ላይ የቆየ ነገር ነው። አማራ ሳይንት ውስጥ ያለችው ተድባበ ማርያም ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ከሚባሉት ጥንታዊ ቦታዎች አንዷ ተብላ ትቆጠራለች። በ16ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ዐፄ ገላውዴዎስ ያከበራት ደብር ናት፤ በጦርነት ሲወድቅም የተቀበረው እዚያው ነው። በሌላው ወገን፣ ከደሴ ወደ ደቡብ ጀማ ንጉሥ አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን የተወለዱት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት የትምህርትና የዚክር ማዕከል ነው፤ የመውሊድ በዓል በወሎ እንዲህ እንዲገን ያደረገውም እሱ ነው። ከያቅጣጫው ሕዝብ ወደዚያ ይጎርፋል፤ በአማርኛና በዐረብኛ መንዙማ ሲባል ይታደራል። የግሸን ማርያም ደግሞ መስከረም 21 ቀን ከአምባሰል አምባ ላይ ሰው ታስወጣለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ሁሉ ስናነሣ የወሎ መቀላቀል በሰላም ብቻ የመጣ አድርገን እንናገራለን። አይደለም። የኢማም አሕመድ ዘመን በዚህ ደጋ ላይ ብዙ ቤተ ክርስቲያን አቃጥሎ አልፏል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ባላባቶች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ የወረሂመኖው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ያኔ ነው ሚካኤል የሆኑት፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል። ሕዝቡ ላይ የወረደው ግዴታ ከባድ ነበር። የተጠመቀ አለ፣ የሸሸ አለ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ አሕመድና ገብረ ማርያም በአንድ አያት የሚጠሩት በጋብቻ ብቻ ተቀላቅለው አይደለም፤ እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥም አልፈው ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ቢላ የሚያከብረው ለዚህም ይመስለኛል። ሃይማኖቱን በግድ የተነካ አያት የነበረው ሰው፣ ማዕድ ላይ ማንንም በስውር ማስነካት ነውር መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ፤ ከቅርጫ እንጀምር።

በዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወሬው ይጀመራል። «ዘንድሮ ስንት ሆነን እንግባ?» ስምንት ይሆናሉ፣ አሥር ይሆናሉ፣ በሬው ከገዘፈ አሥራ ስድስትም ይሆናሉ። በሬ በማየት የተመሰከረለት ሰው ይመረጣል። ይህ ሰው ከማኅበሩ አባል ባይሆንም ግድ የለም፤ ዓይኑ የታወቀ ሙስሊም የከብት ነጋዴ ለክርስቲያኖቹ ቅርጫ በሬ ሊመርጥ ይችላል፣ ሌላውም ለሌላው። ሥጋውን አይቀምስም፤ ስለ በሬው ግን ክርክር ቢነሣ የሱ ቃል ያበቃል። በሬው ከገበያ ይመጣና ሰፊ ግቢ ካለው ቤት ታስሮ ያድራል። ሕፃናቱ ድርቆሽ ሲያቀርቡለት ያመሻሉ።

ሊነጋጋ ሲል ይታረዳል። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ ወደ ቂብላ አዙሮ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሆዱ ይወጣል፣ ቅጠል ይነጠፋል፣ መደብ ይደለደላል። የቅርጫ ጥበብ ያለው መደቡ ላይ ነው። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከፍሪምባው፣ ከጨጓራው፣ ከጉበቱ ለሁሉም ይደርሳል። ሚዛን የለም። የሚከፋፍለው ሰው ጎንበስ ቀና እያለ ከአንዱ መደብ ያነሣና ወደ ሌላው ይጥላል፤ ዙሪያውን የቆሙት «ያኛው አጥንት በዛበት» ይላሉ፤ ጉርሻ የምታህል ሥጋ ይጨመርበታል። አንዳንዴ ከእርዱ ይልቅ ይህ ክርክር ይረዝማል። ሁሉም «አሁን እኩል ነው» ካለ በኋላ እጣው ይመጣል። እያንዳንዱ አባል ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ፣ አንዱ ቁልፍ። ሲደለደል ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራቸዋል። ጠጠርህ ካረፈበት መደብ ጋር ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፤ ከዚያ በኋላ ማማረር የለም። አከፋፋዩ ራሱ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉንም እኩል ለማድረግ ይገደዳል። ይህን ያህል ጥሩ ሕግ የጻፈ ምክር ቤት ጥቂት ነው።

ገንዘብ ያጠረው ሰውም አይቀርም። ስሙ ይያዛል፣ ክፍያው እህል ሲወጣ ወይም በግ ሲሸጥ ይሆናል። ቆዳው ይሸጥና ለመጠጥ ይውላል፣ ወይም ላረደው ይሰጣል።

በአረፋ ደግሞ የዑድሒያ ሥርዓት አለ። አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል፤ በግ ለአንድ ቤት ነው። ከሥጋው ለቤት፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድኻ ተብሎ በሦስት መክፈሉ የተወደደ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤትስ? በሙስሊም ቢላ የታረደ ስለ ሆነ ሥጋው ለሱ አይሆነውም። እዚህ ላይ ነው የወሎ ብልሃት የሚመጣው። አቅም ያለው ሙስሊም ደጋሽ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹና ጓደኞቹ በጉን ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል። «በጋችሁን እንካችሁ፣ እናንተው እረዱት» ይላል። እነሱ በራሳቸው ቢላ፣ በራሳቸው ጸሎት፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ግቢ ጥግ ያርዱታል። ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ሰሐኑ ከክርስቲያን ቤት ይመጣል፤ ወጡን የምትሠራው ክርስቲያን ሴት ናት፤ በርበሬው፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ ግን የሙስሊሙ ደጋሽ ነው። በሠርግም ሆነ በተዝካር ክርስቲያኑ ሲደግስ ይኸው ይገለበጣል፤ ሙስሊሞቹ በጉን ተቀብለው ራሳቸው ያርዳሉ፣ ዳስ ለብቻ ይጣልላቸዋል። ከዳሶቹ መካከል ያለው ቦታ ደግሞ የሁሉም ነው፤ የሚጨፈረው እዚያ ነው፣ ልጆች የሚሯሯጡት እዚያ ነው፣ ሽማግሌዎች የሚመርቁትም እዚያ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሁለት ዳስ ሲያይ «ተለያይተዋል» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን ዳስ የጣለው አንድ ሰው መሆኑን ግን አያይም። ለሁለት ቢላ፣ ለሁለት ድስት፣ ለሁለት ዳስ ወጪ ያወጣው አንድ ደጋሽ ነው። ድግሱ ተቀላቅሎ ቢሆን ርካሽ ይሆንለት ነበር።

ስለ መጠጥም ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ስለ ሴቶቹ ሥራ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ጠላ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ይታመሳል፤ ቂጣው ይጋገራል፤ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ከዚያ ተደፍድፎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከዶሮው፣ ከዳቦውና ከቤቱ ልቅለቃ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ክርስቲያኗ በዚህ ላይ ለሙስሊም እንግዶቿ ቀሪቦ ማሰብ አለባት። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ሙስሊም ጎረቤቷ ናት፤ በዓሉ ሲቃረብ ትመጣለች፣ ገብሱን ትቆላለች፣ ማሰሮውን ራሷ ይዛ ትመጣለች፣ ለሃይማኖቷ የሚስማማ መሆኑን ራሷ ታረጋግጣለች። በመካከል ቡና ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። የበዓሉ ግማሽ ያለቀው እንግዲህ ከበዓሉ በፊት ነው።

ዛሬ ከተማው ውስጥ ቀሪቦን የለስላሳ ሣጥን ተክቶታል። ለስላሳ ማንንም አያስቀይምም፤ ለሁሉም ይሆናል፤ ከሱቅ ይመጣል፤ ይከፈታል፤ ይጠጣል። ሴቶቹንም ከድካም አሳርፏቸዋል፤ ይህን አልክድም፤ የደከመውም ወንድ አልነበረም። ነገር ግን በለስላሳ ሣጥን ምክንያት ማንም ጎረቤት ከበዓሉ በፊት ቤትህ አይመጣም። ጎረቤትህ የሚመጣው ምሳ ሲቀርብ ብቻ ከሆነ፣ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው።

በዓል ብቻም አይደለም። ወዳጃ የሚባለው ጉባኤ በክፉ ቀን የሚደረግ ነው። ዝናም ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ተይዞ ዱዓ ይደረጋል፤ ክርስቲያኑም ተገኝቶ አሜን ይላል። በማግስቱ ደግሞ ታቦት ወጥቶ እግዚኦ ሲባል ሙስሊሙ ከኋላ ይከተላል። 1965ን እና 1966ን፣ ያንን የወሎን ረሃብ ያየ አገር ለሚደረግለት ጸሎት ቋንቋና አቅጣጫ አይመርጥም። እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ስለ ወዳጃ ብቻ ሌላ ንግግር ያስፈልጋል።

መንግሥት ይህን ሁሉ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። እስከ ዘውዱ ፍጻሜ ድረስ ዒድ፣ አረፋና መውሊድ በአገሪቱ ብሔራዊ በዓላት ውስጥ አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ያደረጉት ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ በዓሎቻቸው እንዲታወቁ ነበር፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በ1967 ደርግ ሦስቱንም በዓላት ብሔራዊ አድርጎ ዐወጀ። የወሎ መንደር ግን እስከዚያ ድረስ ዐዋጅ ሲጠብቅ አልቆየም። በአረፋ ቀን ክርስቲያን ተማሪ ትምህርት ቤት ሄዶ ሙስሊም ጓደኛው ሲቀር፣ ማታ ቤታቸው ሄዶ ይበላ ነበር። የመንደሩ ዘመን መቁጠሪያ ከቢሮው ቀድሞ ነበር ስል ግን የቢሮው ምንም አልጨመረም ማለቴ አይደለም። መምህሩ በዓልህን ዐውቆ ሲለቅህ፣ ቀኑ ካላንደር ላይ በቀይ ሲጻፍ፣ ራስህን የምታይበት ዓይን ይለወጣል። ከወሎ ሰው ይልቅ ይህን የሚረዳ ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱ አቆጣጠሮች አንዳንዴ ሲገናኙ ያስደንቃሉ። መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ደመራና መውሊድ በአንድ ቀን ዋሉ። ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር። አመሻሽ ላይ ችቦ ይዞ ወጥቶ፣ ሌሊቱን መንዙማ ሲሉ ማደር ሰላም ያለበትን ቀን ይፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ በሬ ከገበያ አይመጣም፤ ልጅ ከአዲስ አበባ አይገባም፤ ቅርጫው ከአሥራ ስድስት ወደ አራት ይወርዳል፣ ወይም በግ ይሆናል፣ ወይም ይቀራል። ስለ በዓል ስናወራ ይህን ካላነሣን እያወራን ያለነው ስለ ፖስትካርድ ነው።

ስለ ፖስትካርድ ካነሣሁ አይቀር፤ ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯቸዋል። ደስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ግን በየከተማው የበዓል አከባበር ወደ መድረክ እየተጎተተ ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ድምፅ ማጉያ ይቆማል፤ ኃላፊዎች ንግግር ያደርጋሉ፤ ቄሱና ሼሁ ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶው ውሸት አይደለም። ሆኖም ከሁለቱ አንዱም ሌላውን ቤቱ ወስዶ ሊያበላው ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ፎቶው አያሳይም። የጥምቀት ዕለት መንገዱን ጠርገው፣ ውሃ ይዘው፣ ለታቦት አጃቢዎች የሚያድሉ ሙስሊም ወጣቶች በወሎ ከተሞች አሉ፤ በዒድ ሰላት ዙሪያ የሚያስተናብሩ ክርስቲያን ወጣቶችም አሉ። ይህ ከመድረኩ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሥራ ነው። እኔ ከንግግር ይልቅ መጥረጊያ የያዘን አምናለሁ።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር ሲፈልገው ማየት ይገርማል። ፓሪስ ውስጥ፣ 17ኛው ክፍለ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት በአፓርታማቸው ሞተው ከወራት በኋላ ተገኙ። አታናዝ ፔሪፋን የተባለ የሰፈሩ ሰው በዚህ ደንግጦ በ1990ዎቹ ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር የጎረቤቶች በዓል የሚባል ቀን አስጀመረ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ደጃፍ ላይ ምግብ ይዞ እንዲገናኝ። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይከበራል። ጎረቤትን ለማወቅ ቀን መቁረጥ ያስፈለጋቸው ሰዎች ናቸው፤ አልስቅባቸውም። እኛም እዚያ እየደረስን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ለማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ ንድፉን የሠራው ሰው የቅርጫን ነገር ዐውቋል። ብዙዎቹ ግን ለሌላ ጉዳይ ዋሉ፤ ሥጋው ከሉካንዳ በኪሎ ሆነ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ገጠር ወጥተው ከገበሬ በሬ ገዝተው ይቃረጣሉ። ለአንድ መደብ ሥጋ ያን ያህል መንገድ መንዳት ስለ ሥጋው ብቻ አይመስለኝም።

እዚህ መካነ ሰላም ላይ ግን ገና ሰፈር አለ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ለበዓል አገራቸው መግባት የማይችሉ። ሰፈሩ እነሱንም ጠርቶ ያበላል። ተማሪው ከደቡብም፣ ከሐረርም ሊመጣ ይችላል፤ የወሎን ደንብ አያውቅም። ጠሪዋ እናት «ልጄ፣ አንተ የማን ነህ?» ብላ ስትጠይቀው ዘር መጠየቋ አይደለም፤ የትኛው ድስት ጋ እንደምታስቀምጠው ማወቅ ፈልጋ ነው። ይህን አንድ ሰው ቀድሞ ለልጁ ቢነግረው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፊት ያለውን ላስላ፤ ለዚህ ነው በተለይ የመጣሁት። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ከ2016 ጀምሮ እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ ዒድ አልፈጥር በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ የጾም ወጡ ለጥቂት ዓመታት አይቋረጥም። ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። በ2021 ጥምቀት በረመዳን ውስጥ ይገባል። በ2022 ገናም ጥምቀትም ሁለቱም በረመዳን ይውላሉ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ አረፋ በዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። የእርድ በዓል፣ በጾም መካከል።

ገናና ጥምቀት ረመዳን ውስጥ ሲውሉ ይህ መጀመሪያቸው አይሆንም፤ በ1990 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር። ያኔ ቤት የነበራችሁ እናቶችና አባቶች ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። ጎረቤት ምሳ ሊጠራ አይችልም፤ ጥሪው ወደ መግሪብ ይዞራል። ለሙስሊም ጎረቤቱ ማፍጠሪያ የሚያቀርብ ክርስቲያን ቤት ተምርና ውሃ ያስፈልገዋል፣ ሾርባ ያስፈልገዋል፣ ለመስገድ የሚሆን ንጹሕ ቦታና ውዱእ የሚደረግበት ማንቆርቆሪያ ያስፈልገዋል፤ በጉም ቀደም ብሎ ተሰጥቶ በነሱ እጅ መታረድ አለበት፤ ምክንያቱም ከአዛን በኋላ የሚያርድ የለም። ጠላው ከየትኛው ክፍል ይቀመጣል? ከጥምቀተ ባሕር ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው ክርስቲያን እንግዳ ቀን ላይ በልቶ ማታ እንደገና ይቀመጣል ወይስ ሁሉም እስከ ማታ ይጠብቃል? እነዚህ ሁሉ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ተሠርተው ያውቃሉና። መልሱን የያዙት ግን መጽሐፍ ላይ አልጻፉትም፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። በ1990 ጥምቀት በቤቱ ደግሶ ሙስሊም ጎረቤቶቹን ጠርቶ የነበረ፣ ወይም ተጠርቶ የሄደ ሰው ካለ ግን ከጥያቄው በፊት እሱ ይናገር። ወጣቶቹ ማስታወሻ ደብተር ብትይዙ መልካም ነው።